ከኮምቦልቻ የተመለሰው ውሻ፦ ኩርፊያ፣ ናፍቆት ወይስ መዥገር?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ ነው። እናቴን ለማሳከም አዲስ አበባ 24 ቀን ቆየሁ። ቡቺ የሚባለውን ውሻዬን (የአገራችን ውሻ ነው፣ 5 ዓመቱ፣ 20 ኪሎ ቢሆን ነው) ኮምቦልቻ ወንድሜ ጋ ተውኩት። ስመለስ በፒክአፕ ጭኜ አመጣሁት። እጄን አንዴ አሸተተና ፊቱን አዞረ። ይኸው 4ኛ ቀኑ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ይተኛል፣ ስጠራው ጆሮውን ብቻ ያንቀሳቅሳል፣ ምግቡንም ግማሹን ይተዋል። ባለቤቴ አኩርፎህ ነው ትላለች። እውነት ውሻ ያኮርፋል? ሥጋ ገዝቼ ልታረቀው?»

ሥጋው ይቆይ። መጀመሪያ ቴርሞሜትር ይግዙ፤ ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እመለስበታለሁ።

ኩርፊያ የሰው ነገር ነው። ያኮረፈ ሰው ዝም የሚለው ዝምታው እንዲታወቅለት ነው። ፊቱን አዙሮ ተቀምጦም ቢሆን ማን ሊያባብለው እንደሚመጣ በጆሮው ይጠብቃል። ይህን ለማድረግ የተበደሉትን ማስታወስ፣ በዳዩን መለየት፣ ከዚያም «ዝም ብለው ይከፋዋል» ብሎ የሌላውን ልብ መገመት ያስፈልጋል። ውሻ ሰውን ያስታውሳል፣ የመታውንም ይለያል። የመጨረሻውን፣ ማለትም ባለቤቱን ለማሳዘን አስቦ ዝም ማለትን ግን ያደርጋል የሚያሰኝ ማስረጃ የለም። «ያኩራፊ ምሳው እራቱ ይሆናል» የሚባለውም ለእኛ ነው። ምግብ የተወ ውሻ ወይ አሞታል፣ ወይ ፈርቷል፣ ወይ ቦታ ተለውጦበት ሆዱ አልከፈት ብሏል፣ ወይ ደግሞ ጎረቤት አስቀድሞ አብልቶታል።

ባለቤትዎ ያዩት ነገር ግን ውሸት አይደለም። ውሻው በእርግጥ ተለውጧል፤ የተሳሳተው ስሙ ነው። የውሻን ፊት በሰው ፊት የመተርጎም ስህተት ተፈትሾ የታወቀ ነው። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በ2009 እ.ኤ.አ. 14 ውሾችን ከነባለቤቶቻቸው ወስደው፣ ያ «ጥፋተኛ» የምንለው አንገት የተደፋበትና ዓይን የተሰበረበት ፊት መቼ እንደሚመጣ አይተዋል። ፊቱ የመጣው ውሻው ስላጠፋ አልነበረም፤ ባለቤቱ ስለተቆጣ ነው። ምንም ያላጠፋ ውሻም ሲቆጡት ያንኑ ፊት አሳየ። ኩርፊያ የምንለውም እንደዚሁ የእኛ ትርጓሜ ነው።

ከመለያየት በኋላስ ጤነኛ ውሻ ምን ያደርጋል? ስዊድን ውስጥ በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ውሾች ለግማሽ ሰዓት፣ ለ2 ሰዓትና ለ4 ሰዓት ብቻቸውን ቆይተው ነበር። ከ2 እና ከ4 ሰዓት በኋላ ያሳዩት አቀባበል ከግማሽ ሰዓቱ የበለጠ የሞቀ ሆነ። የጃፓን ተመራማሪዎችም በ2022 እ.ኤ.አ. ውሻ ከ5 እስከ 7 ሰዓት ተለይቶት የቆየውን ባለቤቱን ሲያገኝ የዓይኑ እንባ መጠን እንደሚጨምር ለክተዋል፤ ከባለቤቱ ሌላ የሚያውቀውን ሰው ሲያገኝ ግን እንዲህ አልሆነም። እንግዲህ የሚጠበቀው ጭራ መቁላት፣ መዝለል፣ ማልቀስ ነው። ቡቺ ከ24 ቀን በኋላ ይህን ካላሳየ አንድ ያከሰመው ነገር አለ ማለት ነው፤ ፈልጎ ማግኘት ደግሞ ይቻላል።

በመጀመሪያ ያንን ፊት ማዞር እንየው። ሰው ሲናፍቅ ምን ያደርጋል? በቀጥታ ይሄዳል፣ ከላይ ያጎነብሳል፣ ዓይን ዓይኑን እያየ አንገቱን ያቅፋል። በውሻ ቋንቋ ከፊት ለፊት ቀጥ ብሎ መጥቶ፣ ከላይ ጎንበስ ብሎ፣ ዓይን ላይ ማፍጠጥ ጫና ነው። ጨዋ ውሻ ለዚህ የሚሰጠው መልስ ፊትን ወደ ጎን ማዞር፣ አፍንጫን በምላስ ጠረግ ማድረግ፣ እንቅልፍ ሳይመጣ ማዛጋት፣ አንዳንዴም የፊት እግርን ከፍ አድርጎ መያዝ ነው። ትርጉሙ «ረጋ በል፣ ጠብ አልፈልግም» ነው። ሰውየው ይህን ንቀት መስሎት ሲከፋውና ድምፁን ከፍ አድርጎ «ና! ቡቺ! ምን ሆነሃል?» ሲል ውሻው ይበልጥ ፊቱን ያዞራል። ሁለቱም ሊታረቁ እየሞከሩ ይራራቃሉ። ሽታም አለ። ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ለሆስፒታል ሲመላለሱ የከረሙ ሰው አልኮልና የማያውቀው ሳሙና ይሸትታሉ። ውሻ ከዓይኑ ይልቅ አፍንጫውን ስለሚያምን አንዴ አሽትቶ ለማሰብ ፈንጠር ቢል አይገርምም። ይህ ግን የሰዓታት ነገር ነው፤ ቢበዛ አንድ ቀን። አራት ቀን ከቆየ ሌላ ምክንያት እንፈልግ።

አሁን ወደ ቴርሞሜትሩ።

ደሴ ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በመኪና 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ለመዥገር ግን ሌላ አገር ነው። ውሻ ላይ የሚኖረው ቡናማ መዥገር ሙቀት ይወዳል፤ ከውሻው ላይ ወርዶም በግድግዳ ስንጥቅ፣ በውሻ ቤቱ ጣውላና በጆንያ ሥር ይባዛል። ኤርሊኪያ የሚባለውን የደም በሽታ የሚያስተላልፈው ይኸው መዥገር ነው። በሽታው ከንክሻው በኋላ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ድምፁን አጥፍቶ ይቆይና ትኩሳት፣ ድካምና የምግብ ፍላጎት መቀነስ ያመጣል። ቀኑን ይቁጠሩ፦ ቡቺ ኮምቦልቻ የከረመው 24 ቀን፣ ከተመለሰ 4 ቀን። አንድ ውሻ ወንድም ቤት በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ቢነከስ «ኩርፊያው» ልክ ባለቤቱ በተመለሰበት ሰሞን ሊጀምር ይችላል።

ክፉው ወጥመድ ደግሞ ይኸውና። ኤርሊኪያ ካልታከመም አጣዳፊው ደረጃ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ በራሱ ሊበርድ ይችላል። ውሻው ይበላል፣ ጭራውን ይቆላል። ባለቤቱ «ታረቀኝ» ይላል፤ ሥጋ ገዝቶ ከነበረም ሥጋው እንዳስታረቀው ያምናል። በሽታው ግን አልወጣም፣ ተደበቀ እንጂ። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ በአንዳንዶቹ ላይ በአፍንጫ ደም፣ በክሳትና በድድ መንጣት ይመለሳል፤ ያኔ ማዳን ከባድ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ፣ ውሻው ሳይሮጥና ፀሐይ ሳይመታው፣ የሚከተለውን ያድርጉ። ዲጂታል ቴርሞሜትር (ለሰው የሚሸጠው ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ግን የውሻው ብቻ ይሁን) ጫፉን ቫዝሊን ቀብተው በፊንጢጣው ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ያስገቡና ቴርሞሜትሩ እስኪጮህ ይጠብቁ። ሌላ ሰው ከፊት ሆኖ አንገቱን በክንዱ ይያዝ፤ ካጉረመረመ ይተዉት፣ ትግል አይግጠሙ። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው፤ ሰው ቢሆን 38.8 ትኩሳት ነበር፣ ለውሻ አይደለም። «አፍንጫው ደረቅ ነው፣ ጆሮው ይሞቃል» የሚለውን ይርሱት፤ አይለካም። ቀጥሎ የላይኛውን ከንፈር ገልጠው ድዱን በጣት ጫን አድርገው ይልቀቁ። የነጣው ቦታ በ2 ሰከንድ ውስጥ ወደ ሮዝነቱ መመለስ አለበት። ድዱ የነጣ፣ ወይም ቢጫ፣ ወይም ነጠብጣብ ደም የመሰለ ምልክት ያለበት ከሆነ ሌሊቱን አይጠብቁ። ሲተኛ ደረቱን እያዩ የ30 ሰከንድ ትንፋሽ ይቁጠሩና በሁለት ያባዙት፤ በደቂቃ ከ30 በታች መሆን አለበት። ሽንቱንም ይዩ። ሽንቱ የኮካ ኮላ ቀለም ከያዘ ባቤሲያ የተባለው ሌላው የመዥገር በሽታ ሊሆን ይችላል፤ እሱ የሚታከመው በሌላ መድኃኒት ነው።

ከዚያ መዥገሩን ይፈልጉ። በጀርባው ላይ እጅ ማሳለፍ ብቻ አይበቃም። መዥገር የሚደበቀው በጆሮው ውስጥ እጥፋት፣ በእግር ጣቶቹ መሃል፣ በብብቱ፣ በአንገት ማሰሪያው ሥርና በጭራው ግርጌ ነው። ሲያገኙ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዘው ሳይጠመዝዙ ቀጥ አድርገው ይሳቡ። ላምባ ማፍሰስ፣ በክብሪት መለብለብ አያስፈልግም፤ ቆዳ ከማቃጠል በቀር ጥቅም የለውም። በእጅ መጭመቅም ይቅር። ገበያ የሚሸጠውን የከብት መዥገር መድኃኒት በግምት በጥብጦ ውሻን ማጠብ ደግሞ በተለይ አደገኛ ነው፤ ለሃጩ ተዝረክርኮ፣ ጡንቻው እየተንቀጠቀጠ ክሊኒክ የሚደርስ ውሻ ብዙ ጊዜ የመጣው ከዚህ ነው። ልኩን በኪሎው የሚነግርዎት የእንስሳት ሐኪም ነው።

መዥገር አለማግኘትዎ ነጻ አያወጣውም፤ ጠግቦ ወርዶ ይሆናል። ትኩሳት ካለ ክሊኒክ ወስደው «24 ቀን ኮምቦልቻ ነበር» ማለት አይርሱ፣ ግማሹን ምርመራ የምትሠራው ያቺ ዓረፍተ ነገር ናት። ኤርሊኪያ ከሆነ የተለመደው ሕክምና ዶክሲሳይክሊን በኪሎ 10 ሚሊ ግራም በቀን፣ ለ28 ቀን ነው። ለ20 ኪሎ ውሻ በቀን 200 ሚሊ ግራም መሆኑ ነው። በባዶ ሆድ ከተሰጠ ያስታውከዋል፣ ጉሮሮውንም ያቆስላል፤ በምግብ መሃል ይሰጥ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በ3ኛው ቀን ውሻው ሲነሳ ኪኒኑን ማቆሙ ላይ ነው። ሐኪም ሳያየው ግን አይጀምሩ። የቤቱን የሰው መድኃኒትም አይንኩበት፤ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ፣ ፓራሲታሞልም ጉበቱን።

ስለ እብድ ውሻ በሽታ ሳልናገር አላልፍም። ጥያቄዎ ውስጥ ክትባት መከተቡ አልተጻፈም። የእብደት የመጀመሪያ ምልክት ሁልጊዜ መናከስ አይደለም፤ አንዳንዱ ውሻ ዝም ይላል፣ ጨለማ ይፈልጋል፣ ከሰው ይርቃል፣ «ያኮርፋል»። ቀጥሎ ድምፁ ይለወጣል፣ የታችኛው መንጋጋው ይንጠለጠላል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል። እዚህ ላይ ነው ትልቁ ስህተት የሚሠራው፤ ባለቤቱ «አጥንት አንቆት ነው» ብሎ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። መዋጥ ያቃተው ውሻ አፍ ውስጥ እጅዎን አይክተቱ። ቡቺ ግማሹን እየበላ ስለሆነና 4 ቀን ሳይብስበት ስለቆየ ወደዚህ አያመዝንም። የመጨረሻው ክትባቱ ከዓመት ካለፈ ግን፣ ወይም ኮምቦልቻ ሳለ ከሌላ ውሻ ጋር ተናክሶ ከነበረ (ወንድምዎን ይጠይቁ፣ ልጆቹንም ለየብቻ ይጠይቁ፣ ልጅ የሚያውቀውን አባት ላያውቅ ይችላል)፣ ለይተው ያስሩትና ሐኪም ይጥሩ። ሰው ከነከሰ ወይም ለሃጩ ቁስል ከነካ ቦታውን ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ማጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሄዶ ክትባት መጀመር ነው። ፀበሉም ዱዓውም ከክትባቱ ጋር ይሂድ፣ በእሱ ፋንታ ግን አይሁን።

ይህ ሁሉ ተፈትሾ ሙቀቱ 38.6፣ ድዱ ሮዝ፣ ሽንቱ ደህና ሆኖ ከተገኘ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ አብዛኛው ባለቤት ግን ሊጠይቀው አይፈልግም። ምናልባት ቡቺ የናፈቀው ሌላ ሰው ቢሆንስ?

ከ28 ቀን በፊት ቡቺ ከእርስዎ ተለየ፤ ከ4 ቀን በፊት ደግሞ ከወንድምዎ ተለየ። ሁለተኛው መለያየት የቅርቡ ነው። ውሻ አዲስ ሰው ለመልመድ ዓመት አይፈልግም። የሃንጋሪ ተመራማሪዎች በ2001 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥራ በመጠለያ ያሉ ውሾች ከአንድ ሰው ጋር 3 ጊዜ፣ በያንዳንዱ 10 ደቂቃ ብቻ አሳልፈው ለዚያ ሰው የመጣበቅ ጠባይ አሳይተዋል። ወንድምዎ ቤት ልጆች ካሉ፣ ግቢው ሰፊ ከሆነና ቀን ቀን ሳይታሰር ከዋለ፣ እርስዎ ጋ ግን እንደብዙው የደሴ የጥበቃ ውሻ ቀን በሰንሰለት ታስሮ ሌሊት የሚለቀቅ ከሆነ፣ ለቡቺ የእርስዎ መመለስ የሰንሰለቱ መመለስ ነው። በሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ በፒክአፕ ጀርባ እየተንገላታ መውጣቱንም ይጨምሩበት፤ ያ መንገድ ሰውንም ያቅለሸልሻል። የኮምቦልቻን ሌሊት ለምዶ የመጣ ውሻ የደሴ ብርድ ላይ ተጠቅልሎ ቢተኛም ጀርባ የሰጠዎት ይመስላል። በክረምትና ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች ከመሬት ከፍ ያለ ጣውላና ላዩ ላይ ገለባ የተሞላ ጆንያ ያስፈልገዋል።

መለያ ልስጥዎት። ወንድምዎ ለሌላ ጉዳይ ወደ ደሴ ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ አንዴ ብቻ ይጥራው። ቡቺ ዘሎ ተነስቶ፣ አልቅሶ፣ ከዚያም ሳህኑን ጠርጎ ከበላ ናፍቆት ነበር። ለአንድ ደቂቃ ተነስቶ ተመልሶ ከወደቀ ግን ሕመም ነው፤ የታመመ ውሻም የሚወደው ሰው ሲመጣ ለአፍታ ይበረታል። በስልክ የወንድምዎን ድምፅ ማሰማቱ አይጠቅምም፤ ድምፅ መጥቶ ሽታና ሰው ሳይመጣ ሲቀር ዙሪያውን ይፈልጋል፣ ይረበሻል።

መልሶ ማላመዱ ቀላል ነው፤ ከባዱ የእርስዎ ትዕግሥት ነው። አይጥሩት። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ ከእሱ 2 ሜትር ርቀው በርጩማ ላይ ጎንዎን ሰጥተው ይቀመጡ፤ ዓይንዎ ሌላ ቦታ ይሁን፣ እጅዎ ጭንዎ ላይ። 10 ደቂቃ ይበቃል። ከመጣ ከአገጩ ሥር ወይም ደረቱን 3 ሰከንድ ያህል ይኩትና እጅዎን ያንሱ። ተመልሶ አፍንጫውን እጅዎ ሥር ከከተተ ይቀጥሉ፣ ካልመጣ ይተዉት። አናቱን ከላይ መዳበስ ይቆይ። ምግቡን ድሮ በሚበላበት ሰዓት፣ በድሮው ሳህን ያቅርቡና ከ15 ደቂቃ በኋላ የቀረውን ያንሱ፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል ምግብ ፍላጎትንም መለኪያንም ያጠፋል። ውሃ ግን ሁልጊዜ ይኑር፤ 20 ኪሎ ውሻ በቀን 1 ሊትር አካባቢ ይፈልጋል። ሰንሰለቱን ቀን ቢያንስ ለሁለት ሰዓት ይፍቱለት፣ በድሮው መንገድ 20 ደቂቃ አንሸራሽረው ይመልሱት፤ ሲያሸት አይጎትቱት፣ ሰፈሩን መልሶ «እያነበበ» ነው።

ስለ ሥጋው። ፊቱን ባዞረ ቁጥር ሥጋ ከመጣለት ፊት ማዞር ሥጋ እንደሚያስገኝ ይማራል፤ ያኔ በገዛ እጅዎ «አኩራፊ» ውሻ ይሠራሉ። መስጠት ካማረዎት ራሱ ሲመጣ ይስጡት። ሁለት እጅ ሩዝ፣ አንድ እጅ የተቀቀለ ሥጋ፣ ያለ ጨው፣ ያለ በርበሬ፣ በተለይም ያለ ሽንኩርት። የተረፈ ወጥ ለውሻ የሚከፋው ከበርበሬው ይልቅ በሽንኩርቱ ነው፤ ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፣ በመዥገር ደሙ ለተጎዳ ውሻ ደግሞ እጥፍ ጉዳት ነው። በፋሲካም በአረፋም ሰሞን የሚወረወርለት ጥሬ ሳንባና ጉበት አይጠቅመውም፤ ውሃ የቋጠረ እብጠት ያለበትን ጥሬ ጉበት የበላ ውሻ የሚያገኘው ትል እንቁላሉን በውሻው ዓይነ ምድር ወደ ቤተሰቡ ያደርሳል። ቀቅለው ይስጡ፤ ያ እብጠት ያለበትን ግን ይቅበሩት።

በሽታ ከሌለ ማላመዱን በጀመሩ በ3ኛው ቀን ምግቡ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ጠባዩ ይመለሳል። ለሚቀጥለው ጉዞ ከተቻለ ውሻውን ከቤቱ አያንቀሳቅሱት፤ ወንድምዎ ወይም ጎረቤት እየመጣ ያብላው። ኮምቦልቻ መውረዱ ካልቀረ የመዥገር መከላከያውን ከመሄዱ ከጥቂት ቀናት በፊት ያስደርጉለት፣ ሳይታጠብ የቆየ ጋቢዎን አብረው ይላኩለት፣ ሲመለስም ጆንያውን እዚያው ይተዉት፤ ጆንያው መዥገር ይዞ ይመጣል።

ለአሁኑ ግን ሙቀቱን ዛሬ ማታና ነገ ጠዋት ለክተው ይጻፉት። ከ39.5 ካለፈ፣ ወይም ነገ ጨርሶ ካልበላ፣ በርጩማውንም ሰንሰለቱንም ይተዉትና ክሊኒክ ይውሰዱት።